የአባቴ ሳቅ በትንሿ ካሜራ

ዛሬ ጣና ዳር አባቴ ሳቁ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

ከአንበሳሜ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ አሮጌውን ትልቁን ካሜራዬን ስደቅንባቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ድርቅ አሉ።

«አባዬ፣ ፈታ ይበሉ» አልሁ።

«መድፍ ደቅነሽብኝ እንዴት ልፈታ?» (ክብደቱን የተሸከመው አንገቴ ይመሰክራል።)

እንደደረቁ አንስቻቸው ካሜራውን ወደ ቦርሳ ስመልስ፣ አንድ ሻላ ከአሣ አጥማጁ ታንኳ ላይ አሣ ነጥቆ በረረ። አባቴ ከት ብለው ሳቁ። ከኪሴ ትንሿን ካሜራ መዝዤ አነሳኋቸው።

ቤት ገብተን ሁለቱን ፎቶዎች አሳየኋቸው። በትልቁ የጋቢው ክር ሳይቀር ይታያል። የትንሿ ደብዘዝ ብሏል፤ ግን አባቴ ናቸው።

«የእናትሽ ተዝካር ሳይወጣ ስስቅ ሰው እንዳያይብኝ» አሉ።

አልለጥፈውም፤ መሰረዝም አልሆነልኝም። ካሜራዋን ይዤ ቤቱን እዞራለሁ።

እናንተስ፣ ለሰው የማታሳዩት ግን የማታጠፉት ፎቶ አላችሁ?