የሎሚ ክትር

ሎሚ ወንዙን በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ያ ዛሬ ሞልቷል?" ብላ ነው የምትጠይቀው፣ እንደ ጠላት። አይፈረድባትም። በዘጠና ሁለት ክረምት፣ ከቴፒ በታች ያለው ሜዳ በጎርፍ ሲዋጥ፣ አንድ ወንድ ልጇ ኢዮሲያስ ጥጃ ሊያድን ገብቶ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ወንዙ ዳር የአፈር ክትር ይሠራ ነው። ቀበሌ ሄደች፣ ጸሎት ቤት ተነሥታ ተናገረች። ወንዶቹን መንገድ ላይ እየጠበቀች "ወንድ ነን ትላላችሁ፣ ውሃ ማስቆም አቃታችሁ!" አለቻቸው። በሐፍረት ይሁን በሐዘኔታ ደቦ ወጣላት። ሁለት በጋ ተቆፍሮ ክትሩ ቆመ፣ በክረምቱም ውሃው እያጉረመረመ በውጭ አለፈ። ሎሚን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። አገሩም መረቃት።

መራቂው ሁሉ የረሳው ነገር ነበር። ያ የተረገመ ውሃ በየዓመቱ ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄድ ነበር፤ ጎደሬውም በቆሎውም የሚበቅለው በእሱ ላይ ነው። ፍግ ማን ያውቃል? መሬት ማሳረፍስ? ወንዙ ሲሠራላቸው ኖሮ ሥራው የእነሱ መስሏቸው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጎደሬው አውራ ጣት አክሎ ወጣ፣ በቆሎው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ቡና ለቀማ ወደ ቴፒ ይጎርፍ ጀመር። ሎሚን ፊት ለፊት የተናገራት የለም፤ ሰላምታው ግን አጠረ።

አንድ ቀን ሐምሌ ላይ ጎረቤቷ ተረፈ ሰዎች አስከትሎ መቆፈሪያ ይዞ ክትሩን ሊያፈርስ መጣ። ሎሚ ቀድማ ክትሩ ላይ ተቀምጣለች።

"ልጄን የበላ ውሃ እናንተን ሊያበላ? መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ!"

"እትዬ ሎሚ..." አለና ተረፈ መቆፈሪያውን መሬት ላይ አስደገፈ። የኢዮሲያስን ሬሳ ከውሃ ያወጣው እሱ ነበር።

ከኋላቸው የሎሚ ሴት ልጅ ሆሳዕና መጣች፣ ሕፃን አዝላ፣ መቆፈሪያ ይዛ።

"እማ፣ ተነሺ። ወንድሜን አልረሳሁትም። ልጆቼ ግን እየተራቡብኝ ነው።"

"አንቺም?"

"እኔም።"

ሎሚ በዚያች ሰዓት ልጇን ጠላቻት። እውነቷን ስለሆነ የባሰ ጠላቻት። ከዚያ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ጥቂት ተራመደችና በእግሯ አመለከተች።

"እዚያ ድንጋይ ነው፣ መቆፈሪያችሁን ትሰብራላችሁ። እዚህ ጋ አፈር ብቻ ነው።"

ክትሩ ተቆርጦ ውሃው ሜዳውን ሲነካ ሴቶቹ እልል አሉ። ሎሚ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ዳገቱን ወደ ቤቷ ወጣች።