በኖራ የተሸፈኑት መስመሮች

ማንበብ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ነገር ሰው ከእንጀራው አፈናቀለ።

በርና መስኮት በምንሠራበት ብረታ ብረት ቤት የቁራጭ ጠባቂ ነበርኩ። ቱቦላሬው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት፣ ስድስት ሜትር ሆኖ ይመጣል፤ በያጁ የሚፈልገውን ቆርጦ የተረፈውን ይወረውርልኛል። ፊደል ስላልቆጠርኩ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም አራት መስመር አሰመርኩ፦ ጉልበቴ፣ እምብርቴ፣ ብብቴ፣ አናቴ። ቁራጩን አቆመዋለሁ፤ የደረሰበት መስመር ቦታው ነው። "የብብት ሁለት አምጣ" ከተባልኩ ዓይኔን ጨፍኜ አመጣለሁ።

በያጁ ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑን ብልጭታው በልቶታል። ትምህርት እንድገባ የገፋኝም እሱ ነው።

"ወሪያ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን በጣቴ ስፈርም ኖርኩ። አንተ ሂድና ተማር አቦ! አናትህ ብረት መለኪያ ብቻ ነው እንዴ?"

ሄድኩ። ስሜን ጻፍኩ፤ ከዚያ ቁጥር።

የብረት ቤቱ ባለቤት ይህን ሲሰማ ግድግዳውን ኖራ አስቀባው። "ከእንግዲህ በመዝገብ ነው። ደንበኛ ሲመጣ እምብርትህን ላሳየው?" አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ኮርቼ ነበራ። ቁራጩን ሁሉ አንድ ጥግ ከምሬ ቆጠርኩና በትልልቁ ጻፍኩ፦ ቱቦላሬ፣ ስልሳ አራት። ርዝመቱን አልጻፍኩም። ግድግዳው ያውቀው የነበረውን መዝገቡም የሚያውቀው መስሎኝ ነው።

ከመልካ ጀብዱ የመስኮት ፍርግርግ ትዕዛዝ መጣ። ባለቤቱ መዝገቡን ገልጦ፣ "ስልሳ አራት አለን፣ አዲስ ብረት አያስፈልግም" ብሎ የማስረከቢያ ቀን ቆረጠ። በያጁ ክምሩን ሲያገላብጠው አብዛኛው ከጉልበት በታች ነው። ቀኑ ደረሰበት፤ ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየቀጠለ በየደው። ደንበኛው መጥቶ በእጁ ዳበሰው።

"ብረት ቤት ነው ወይስ ልብስ ጣፊ ጋ ነው የመጣሁት?"

ባለቤቱ በያጁ ላይ ዞረ። "ብረት ሞልቶ ለምን ቀጣጠልከው?"

"ረጅም የለማ!"

"መዝገቡ አለ ይላል።"

ሽማግሌው መዝገቡን አየ። ለእሱ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ከዚያ ዘግቶ መለሰው፤ ከተጻፈ ነገር ጋር እንዴት ይሟገታል? ርዝመቱን ያልጻፍኩት እኔ መሆኔን አልተናገርኩም። የእኔ ስህተት ነው ብል የምባረረው እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት።

አሁን እያንዳንዱን ቁራጭ በሴንቲሜትር እመዘግባለሁ። ባለቤቱ ያመሰግነኛል።

በቀደም ቀፊራ ገበያ አገኘሁት። ጋሪ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተበሳ ባልዲ ይደፍናል።

"አቦ፣ ትምህርቱን እንዳትተወው!" አለኝ፤ የምሩን ነው። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ያኔ ሲያሰናብቱኝ የሰጡኝ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ መጠየቅ አፍሬ ነው። ምን ይላል?"

አነበብኩት። በቂ ብረት እያለ በቸልተኝነት ሥራ ስላበላሸ፣ ይላል።

"ለብዙ ዘመን ስላገለገልክ እናመሰግናለን፣ ይላል" አልኩት።

አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።