አዴ መገሪሳ ሐምራዊ የለበሰች ቀን

ባለፈው ሳምንት ካፖርቴን ላነሳ መቱ መሀል ከተማ ወዳለ ላውንደሪ ጎራ ብዬ ነበር። ዝናቡ እንደ ልማዱ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሰውየው ሱፍ ሱሪ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ ካውያውን ሲያሳርፍበት እንፋሎቱ ሽው ብሎ ተነሳ። የሞቀ ሱፍና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እኔን ግን ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝ። ደረሰኙን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ ሰውየው።

ደህና ነበርኩ። አክስቴ ቤት ነበርኩ እንጂ።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የአክስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሾፌር ስለነበር አንድ ቦታ አይረጋም። «ልጅቷን እኔ ጋ ተዋት» አለችው፤ በዚያው ቀረሁ። አክስቴ በከተማው አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ሰው ሁሉ አንቱ ይላታል፤ እኔ ብቻ እንደ እናት ስለማያት «እትዬ» እያልኩ አንቺ እላት ነበር።

እትዬ የምትለብሰው አንድ ዓይነት ነበር። ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እጥፋት ያለው ጥቁር አረንጓዴ ጉርድ፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ፣ ሲበርድ ግራጫ ሹራብ፣ ተረከዙ አጭር ጥቁር ጫማ። ጉርዱ ሲያረጅ ያንኑ ቀለም ጨርቅ ትገዛና ያው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ በዚያው ልክ ታሰፋለች። ገበያ ስትወጣ ጎመን የሚሸጡት ሴቶች ገና ከሩቅ «አዴ መገሪሳ! ነጋ ጅርቱ?» ይሏታል፤ እመት አረንጓዴ፣ ደህና ነዎት እንደማለት ነው። እሷም በኦሮምኛ መልሳ፣ የልጆቻቸውን ጤና አንድ በአንድ ጠይቃ ታልፋለች። ከሥራ ስትመለስ ከሰል አቀጣጥላ ካውያውን ትሞላና እጥፋቱን በየተራ ትተኩሰዋለች። ቤታችን የሚሸተው ያንን ነበር።

ልጅ ሳለሁ እኮራባት ነበር። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ግን ዓይኔ ተለወጠ።

ያኔ በየሻይ ቤቱ የዘፈን ክሊፕ ይታያል። ዘፋኞቹ ለብሰውት ያየነውን በሳምንቱ ከጅማ በሚመጣው ዕቃ ውስጥ ስንፈልግ እንገኛለን። ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስ፣ አጭር ቲሸርት፣ አፍንጫው የሾለ ጫማ። ካስክ ገብቶ ቀጥ ያላለ ፀጉር ፀጉር አይባልም። የቅርብ ጓደኛዬ መስጊዱ አጠገብ ልብስና ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ደግ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ሱቁ ውስጥ አዲስ ነገር ሲራገፍ ሮጣ መጥታ የምትነግረኝ እሷ ናት። ስንት ወር ለምኜ እትዬ ጂንሱን ገዛችልኝ። ለብሼው ስወጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

«ጭቃ እንዳይነካው ጫፉን እጠፊው» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ያ ዝምታዋ ነበር የሚያናድደኝ። ብትቆጣኝ እከራከራት ነበር።

አንድ ጊዜ ክፍላችን ሶር ፏፏቴን ሊጎበኝ ሲሄድ ሹል ጫማዬን ተጫምቼ ወጣሁ። ጫካውን አቋርጦ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ የወረደ ያውቀዋል፤ ሥሩም ድንጋዩም እርጥብ ነው፣ ለእግር አይታመንም። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ሁለቴ ወደቅኩ። የተላላጠ መዳፌን የማስርበት ነገር ፍለጋ ቦርሳዬን ስከፍት ሸራ ጫማዬን ከዳቦው ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘሁት። እትዬ ናት የከተተችው።  እሱን አድርጌ ወረድኩ፣ የፏፏቴው ብናኝ ፊቴን አጠበኝ፣ እንደ ሌሎቹ ጮህኩ፣ ሳቅኩ። ቤት ስገባ አላመሰገንኳትም። አፍሬ ይሁን ኮርቼ፣ ዛሬም አላውቀውም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለወላጆች ቀን በኦሮምኛ የጻፍኩትን ድርሰት እንዳነብ ተመረጥኩ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች አንዲት የክፍላችን ልጅ እትዬን በትምህርት ቤቱ በር በኩል ስታልፍ አየቻትና፣ «ያቺ ሴትዮ ሌላ ልብስ የላትም እንዴ?» አለች። አጠገቧ ያሉት ሳቁ። አክስቴ ናት አላልኩም። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ያን ቀን ቤት ስገባ እትዬ እየተኮሰች ነበር። ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ፣

«እትዬ፣ ለወላጆች ቀን ያንን ጉርድ ለብሰሽ ነው የምትመጪው?» አልኳት።

«ሌላ ምን ልለብስ ኖሯል?»

«ሰው ሁሉ ዘንጦ ነው የሚመጣው። እሱን ለብሰሽ ከምትመጪ ብትቀሪ ይሻላል።»

ካውያውን ከጨርቁ ላይ አነሳችና አቆመችው። 

«እሺ» አለች።

የወላጆች ቀን ቅዳሜ ዋለ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ በዝናብ ላቁጧል። ከመድረኩ ጎን ተራዬን እየጠበቅኩ ዓይኔ ከበሩ አልነቀል አለኝ። ቀርታለች ብዬ ልገላገል ሲገባኝ ምነው በመጣች አልኩ።

ያኔ ሐምራዊ ሙሉ ልብስ የለበሰች ሴት በሩ ላይ ታየች። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አስቆማትና «ማንን ፈልገው ነው?» አላት። ይህ ሰው እትዬን ሲያይ ሁልጊዜ ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ የሚነሳ ነው። ቀረብ ብላ ስታናግረው ደንግጦ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም ያወቅኳት ይሄኔ ነው። ጨርቁ ያብረቀርቃል፣ ቁልፎቹ ትልልቅና ወርቃማ ናቸው፣ ትከሻው ሰፍቷታል። ፀጉሯ ተተኩሶ ጆሮዋ ላይ ተጋድሟል። እግሯ ላይ አፍንጫው የሾለ ባለ ተረከዝ ጫማ አለ።

ሜዳውን መሻገር ጀመረች። መሀል ስትደርስ አንዱ ተረከዝ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ብትጎትተው እምቢ አለ። እግሯ ከጫማው ወጣና ባንድ እግሯ ቆማ፣ እንዳትወድቅ ሁለት እጇን ዘረጋች። ከተማሪዎቹ ረድፍ ሳቅ ተነሳ። ጥቂቶች ጀመሩት፤ ከዚያ እየሰፋ ሄደ።

ሮጬ ልደርስላት እችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ። አልሄድኩም።

የሄደችው ጓደኛዬ ናት፣ የነጋዴው ልጅ። ቀሚሷን ሰብስባ በጭቃው ሮጠች፤ ተንበርክካ ጫማውን በሁለት እጇ ነቀለችው፤ በመሀረቧ ጠርጋ አጠለቀችላትና ክንዷን ይዛ እስከ ወንበሩ አደረሰቻት። ወዲያው ስሜ ተጠራ። መድረኩ ላይ ወጥቼ አነበብኩ። እንዴት እንዳነበብኩ አላውቅም። ሲጨበጨብ ሰማሁ፤ ወደ እሷ ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጫማውን አውልቃ በእጇ ይዛ በአስፋልቱ ዳር በባዶ እግሯ ትራመድ ነበር። ይቅርታ ልላት እያመነታሁ ቀደመችኝ።

«ርቦሻል?» አለችኝ። ያ ብቻ።

በኋላ ጓደኛዬ እንደነገረችኝ፣ እትዬ ልብሱን የገዛችው ከእነሱ ሱቅ ነው። ነጋዴው ከመስቀያው እያወረዱ፣ «መሸጡን እሸጥልዎታለሁ፤ ግን ይሄ የእርስዎ አይደለም» አሏት። «አውቃለሁ፣ ሐጂ። ለልጅቷ ብዬ ነው» ብላ አስጠቀለለችው።

ሰኞ ጠዋት ከእሷ ቀድሜ ተነሳሁ። ከሰል አቀጣጠልኩ፣ ካውያውን ሞላሁ፣ አረንጓዴውን ጉርድ ዘርግቼ እርጥብ ጨርቁን አነጠፍኩበት። አሥራ ሦስት ዓመት ስትሠራው ሳይ የኖርኩት ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዱን እጥፋት ሳቀና ሌላው ይጠማል። ቀና ስል እትዬ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። መጥታ ጉርዱን ተቀበለችኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ጠማማ ነው» አለች።

«ድጋሚ ልተኩሰው?»

«ተይው፣ ይሁን።»

ለበሰችው። እጥፋቱ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ እሷ ቀጥ ብላ እየተራመደች ሥራዋ ሄደች። ከሰዓት ስትመለስ ሰዎች ምን እንዳሏት ጠየቅኳት።

«ምን ነካዎት አሉኝ። ልጄ ናት የተኮሰችው አልኳቸዋ።»

እስከዚያ ቀን ለሰው ስታወራ «የወንድሜ ልጅ» ነበር የምትለኝ።

«እትዬ፣ ግን ለምንድን ነው ሁልጊዜ እሱን የምትለብሺው?» አልኳት፣ ድፍረት አግኝቼ።

ሳቀች። «አንቺን ባከልኩ ጊዜ ያልሞከርኩት የለም። መሬት የሚጠርግ ሱሪ ለብሻለሁ፣ እንደ ዱካ ወንበር ከፍ ያለ ጫማ አድርጌያለሁ። ያንን ጫማ በእጄ አንጠልጥዬ ከሁሩሙ ከተማ እስከ መቱ በእግሬ የመጣሁበት ቀን አለ። በኋላ አንድ ቀን ይሄንን ለብሼ መስታወት አየሁ፤ እቺ እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የማስበው ሌላ ነገር አገኘሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ገና ነሽ። ሞክሪ። ሰው ፈርተሽ ብቻ አትልበሺ።»

ሐምራዊው ልብስ ሳጥን ውስጥ አልቀረም። ኡካ ከተማ የምትኖር የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ስታገባ እትዬ ሰጠቻትና ለመልሷ ለበሰችው። ለእሷ ተለክቶ የተሰፋ ነበር የሚመስለው። እትዬ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝና፣ «አየሽ፣ ልብሱ ጥፋት አልነበረበትም» አለች።

ዛሬ ሁሩሙ አስተምራለሁ። ከመቱ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ነው። ከጂንስ ወደ ረጅም ቀሚስ፣ ከረጅም ቀሚስ ወደ ሌላ ስዞር ብዙ ከረምኩና አሁን ሰፊ ሱሪና ባለ ኪስ ሸሚዝ ላይ ረጋሁ። እትዬን አልመስልም። ተማሪዎቼ በስልካቸው ያዩትን አዲስ ነገር በየወሩ ለብሰው ይመጣሉ፤ «ቲቸር፣ እንዴት ነው?» ሲሉኝ ያማረውን ያምራል እላለሁ። ደስ ይሉኛል። ገና እየፈለጉ ነው።

እትዬ ጡረታ ከወጣች ቆየች። ጉልበቷ ደክሟል፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው። ባለፈው እሑድ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ፀጉሯን አበጥርላት ነበር። ነጭ ሆኗል፣ ሳስቷል። ፊት ለፊት ስላላየኋት ይሆናል የደፈርኩት።

«እትዬ፣ የወላጆች ቀን የሳቁብሽ ጊዜ... ቆሜ አየሁሽ። ይቅር በዪኝ።»

«የምን ሳቅ?» አለች።

«ጫማሽን ጭቃ ሲይዘው።»

«እሱን አስታውሳለሁ። የሐጂ ልጅ መጣችልኝ፣ እግዜር ይስጣት። ሳቅ ግን አልሰማሁም።» ራሷን ትንሽ ወደ ኋላ ጣል አደረገችልኝ። «አንቺን ነበር የማየው። ወረቀትሽን ይዘሽ ቆመሽ ነበር። ጓሮ ሆነሽ ስትለማመጂ ሰምቼሽ ድርሰቱን በቃሌ ይዤው ስለነበር፣ ብትሳሳት እያልኩ በልቤ አብሬሽ አነብ ነበር።»

ከዚያ የድርሰቴን የመጀመሪያ መስመር በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ አለችልኝ። ስለ ክረምታችን ነበር። ሁለተኛውን ልቀጥል ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ለካ ረስቼዋለሁ።

እሷ ቀጠለችልኝ።