ሳይሰማ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ

የንቅናቄያችን የአትላንታ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነኝ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሊቶኒያ፣ አንድ አባል ቤት፣ ቤዝመንት በምንለው ምድር ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን። ሊቀመንበራችን ከሌላ ስቴት ሆነው በቪዲዮ ይመሩናል። እሳቸው ሲናገሩ ማቋረጥ ነውር ነው። እንዳንረብሻቸው የእኛን ድምፅ የምዘጋው እኔ ነኝ፤ በዚህች ሥልጣን፣ አልዋሽም፣ ደረቴ ይነፋ ነበር።

አንድ እሑድ ሊቀመንበሩ ገና ሰላምታ ሰጥተው ሳይጨርሱ ድምፃቸው ጠፋ። የራሳቸውን ማይክ ዘግተው ረስተውታል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም። አርባ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ ራሱን ይነቀንቃል። ጠረጴዛ ሲመቱ አጨበጨብን። የቤቱ ባለቤት እንባቸውን በመሀረብ ጠረጉ።

ነገሩን ያበላሸው አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ነው። አሜሪካ ስገባ ከከተማው ማዶ ስማይርና ባለው አፓርታማው ውስጥ ያስጠጋኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ዛሬም ጎረቤታሞች ስለሆንን ወደ ስብሰባ የምንሄደው በእሱ መኪና ነበር። ድንገት ተነስቶ፣ "ኧረ ሰውዬው ሚውት ላይ ናቸው! አንሚውት አድርገንና እንንገራቸው እንጂ!" አለኝ።

ድምፃችንን ለመክፈት የሚያስፈልገው የእኔ አንድ ጣት ብቻ ነበር። ቤቱ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ጣቴን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና "ተቀመጥ!" አልኩት።

ደንባችን ጸሐፊው የንግግሩን ፍሬ ነገር ጽፎ ለሊቀመንበሩ እንዲልክ ያዛል። ምን ልጻፍ? አባላቱን ብጠይቅ ሁሉም ሰምቷል። አንድ አዛውንት፣ "ልጄ፣ ሦስተኛዋ ነጥብ አጥንቴ ድረስ ነው የገባችው፤ እንዳትረሳት" አሉኝ። ስለዚህ ሦስት ነጥብ መፍጠር ግድ ሆነብኝ። ሁለቱን ስለ አንድነት ጻፍኩ። ለሦስተኛው ሐሳብ አለቀብኝ። በጓደኛዬም ላይ ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበርና "ስብሰባ የሚያውክ አባል ይባረር" አልኩ። ሳነብላቸው አዛውንቱ "ይቺ ናት!" ብለው ጭናቸውን መቱ። ሊቀመንበሩም "ቃል በቃል እንደተናገርኩት" ብለው መለሱልኝ።

በሚቀጥለው እሑድ መመሪያው ሥራ ላይ ዋለ። ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ የወጣው እጅ የእኔ ነው። ጓደኛዬ ተባረረ። ወደ ቤቴ የሚመልሰኝም እሱ ነበር።

ሀይዌዩ ተጨናንቋል። ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ "እውነት ብለውታል?" አለኝ።

"በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አልኩት። ውሸቱ ያሳፍረኛል። ከውሸቱ የባሰው ግን፣ ያን ስል የሊቀመንበሩ ድምፅ በርግጥ ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ።

ደጄ ላይ መኪናውን አቆመ። "እኔ እኮ ያን ቀን የተናገርኩት ላንተ ብዬ ነው" አለኝ። "ምንም ሳይሰማ ምኑን ሊጽፍ ነው ብዬ ተጨንቄልህ።"

ወረድኩና በሩን ዘጋሁት። አሁን ሊቶኒያ ድረስ ብቻዬን እየነዳሁ እሄዳለሁ።