አፍ ሙሉ ሱፍ

ቅዳሜ ጠዋት፣ በካናዳ፣ በሳስካችዋን ገጠር የበረዶ ሆኪ ሜዳ፣ ማርሊስ ሕፃኗን ታቅፋ የምታየው ጨዋታውን ሳይሆን አጠገቧ የተቀመጠውን ሰውዬ ነው። የጃኬቱ እጅጌ በትራክተር ዘይት ጠቁሯል፤ ኪሱ በተቆላ ሱፍ ተወጥሯል። አምና ዳኛ እየሰደበ ከሜዳ ያስወጡት ነበር። ግብ ጠባቂ የሆነችው ሴት ልጁም ጎል በገባባት ቁጥር ትከሻዋን ሰብስባ ወደ እሱ ቀና ትል ነበር። ከዚያ ሰውዬው በፋሲካ ተጠመቀ።

«ከተጠመቅክ ወዲህ ንዴቱ ለቀቀህ?» አለችው።

«የት ይለቃል፣ እህቴ። ጌታ ልቤን ይዞልኛል፤ ምላሴን ግን ገና አብረን እየገራን ነው።»

ወዲያው ተጋጣሚዎቹ ልጅቷን ገፍትረው ጎል አገቡባት፤ ዳኛው እንዳላየ አለፈ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሰውዬውን አየው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሱፉን በእፍኙ ዘግኖ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው።

ልጅቷ እንደ ልማዷ ትከሻዋን ሰብስባ ቀና አለች። የአባቷን ጉንጭ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ስታየው ግን ከነጭንብሏ በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ዱላዋን በረዶው ላይ መታ መታ አድርጋ ቦታዋን ያዘች።

ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያኝካል። ማርሊስ ገለፈቱን የሚተፋበት ባዶ ኩባያ አቀበለችው።

«ትፋው፣ ወንድሜ። አልፏል።»