ጓንት የማያወልቀው መካኒክና የእህቱ መኪና

ጋራዡ ውስጥ «ሙሽራው» ይሉታል። ላጤ ነው፤ ስሙ የወጣለት ቱታውን ተኩሶ ስለሚለብስና ጓንቱን ቢለምኑት ስለማያወልቅ ነው። መቀመጫ ላይ የሌላ ሰው ፀጉር ተጣብቆ ካየ ምሳው አይበላለትም። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የናፍጣ ሞተር መካኒክ ይሆናል? መልሱ እዚያው ጠባዩ ውስጥ ነው። የተጸየፈውን ነገር ሳያጸዳ ማለፍ አይችልም፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈልገው ንጹሕ ናፍጣና ንጹሕ አየር ነው።

የእህቱ መኪና ግን ልኩን አሳየው።

ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችውም እሷ ናት። ባሏ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ መኪናውም እሱ ባቆመበት፣ ከግቢው ግንብ ሥር፣ እንደቆመ ነው። የተከራየችው ቤት ስለተሸጠ አሁን ልትለቅ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በቅርቡ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጉዞዬን በዚያው መኪና ካላደረግሁ ብላለች።

«በራሷ ሞተር ከበሩ ከወጣች እየነዳሁ እሄዳለሁ» አለችው። «ካልተነሣች ግን ሬሳ አልጎትትም። ቆራርጠው ይውሰዷት።»

ቃሏን አታጥፍም። ከጋራዡ ሰፈር አንድ ብረት ቆራጭ ራሷ ጠርታ ለምሽት ቀጠረችው። ቆራጩ ግን በጠዋት መጥቶ የጭነት መኪናውን በሩ ላይ አቆመና የጋዝ ሲሊንደሩን አጋድሞ ተቀመጠበት።

«ሙሽራው፣ ምን አለፋህ? እኔ ባንዴ እገላግልሃለሁ።»

«አንተ መጀመሪያ ጥፍርህን ቁረጥ።»

ሙሽራው የመኪናውን በር ሲከፍት ሽታው ወደ ኋላ መለሰው። የአይጥ ሽንት፣ የሻገተ ስፖንጅ፣ ከሥር ደግሞ ጣፈጥ ያለ የብስባሽ ሽታ። መሪው ላይ ሻጋታ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። ወንበሩን በጣቱ ጫን ሲያደርገው እንደ በሰበሰ ፍሬ ውሃ አወጣ።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ማን ነው የሞተው?»

«አታጋንን! አቧራ ነክቷት ነው።»

ብዙ ዓመት የቆመን ሞተር ቁልፍ አዙሮ ልሞክረው ማለት ትልቁ ስሕተት ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት የሚተነፍስበት በኩል ነው። የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ሲከፍት ከወንበር ስፖንጅና ከአይጥ ፀጉር የተገመደ ጎጆ አገኘ፤ መሀሉ ላይ የደረቁ የአይጥ ግልገሎች እንደ ዘቢብ ተጨማድደው ተኝተዋል። ሞተሩ ቢነሣ ኖሮ ይሄ ሁሉ እየተሳበ ወደ ሆዱ ይገባ ነበር! ሙሽራው ፊቱን አዙሮ በፒንሳ ጎትቶ አወጣው፤ ጭራ ተቆርጦ ጫማው ላይ ሲወድቅም ዘለለ። ቆራጩ ከሣቁ የተነሣ ከሲሊንደሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ቀጥሎ አሮጌውን ዘይት አፍስሶ በአዲስ ተካ፣ የናፍጣ ማጣሪያውንም ቀየረ። ከዚያ ሞተሩን በትልቅ መፍቻ በእጁ ሊያዞረው ሞከረ። ይህቺ ደቂቃ ልብ ታንጠለጥላለች፤ መፍቻው እንቢ ካለ ውስጡ ዝጎ ተጣብቋል ማለት ነው። እንቢ አላለም፤ ቀስ ብሎ፣ እየተነፈሰ ዞረ።

የቀረው የናፍጣ ማጠራቀሚያው ነው፤ መካኒኮች ሰልባትዮ ይሉታል። ከሥር ያለውን ቡሎን ሲፈታ ምንም አልወረደም። በሽቦ ሲጎረጉረው አንድ ጥቁር ልጋግ እየተለጠጠ ወጣና ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የከረመ እንቁላል ሽታ ግቢውን ሞላው።

ናፍጣ ብቻውን ቢቆይ እንዲህ አይከፋም። ውሃ ሲገባበት ግን፣ ውሃው ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ስስ ድንበር ላይ ዐይን የማያያቸው ተሕዋስያን ይኖራሉ። ውሃው ቤታቸው፣ ናፍጣው ምግባቸው ነው። ብርሃን በሌለበት የብረት ሣጥን ውስጥ ተዋልደው፣ ሞተው፣ ሬሳቸው ተደራርቦ ልጋግ ይሆናል። አያስደንቅም? ሙሽራውን ግን አላስደነቀውም፤ ግንቡን ተደግፎ ቁርሱን መለሰ።

ልጋጉን ማውጫው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር፣ የናፍጣ መለኪያው የሚገባበት ክብ ቀዳዳ። እጅ ከነጓንቱ አያስገባም። ሙሽራው ቀዳዳውን አየ፣ ወደ ምዕራብ ያዘቀዘቀችውን ፀሐይ አየ፣ በረንዳው ላይ ሻንጣዋን ይዛ የተቀመጠችውን እህቱን አየ። ጓንቱን አወለቀ። እጁን እስከ ክርኑ ከተተው። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፤ እንደ ጉበት ያለ ነገር ጣቶቹ መሀል ሾለከ። እየዛቀ ባልዲ ውስጥ ጣለ።

«ክዳኑ ተቆልፎ» አለ፣ ትንፋሹን እንደያዘ፤ «ውሃው በየት ገባ?»

«እኔ ነኛ!» አለች እህቱ ደስ ብሏት። «ባሌ ሆስፒታል ሊተኛ ሲል ‹ውሃዋን እንዳታስጨርሺ› ብሎኛል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በየዓመቱ አንድ ጆግ አጠጣታለሁ፣ አንዴም ረስቼ አላውቅ።»

ባሏ ያለው ሞተሩን ስለሚያቀዘቅዘው የራዲያተር ውሃ ነበር። ቆራጩ ገባውና አፉን ለሣቅ ከፈተ። ሙሽራው ዘሎ በዚያው እጁ አፉን ግጥም አደረገለት።

«ትንፍሽ ብትል መልሼ እይዝሃለሁ» አለው በጆሮው። «ባትሪህን አምጣ።»

ቆራጩ እየተፋ ወደ መኪናው ሮጠ። «ውሰድ! ወላ ጎማውን ውሰድ፤ ብቻ አትንካኝ!»

አንድ ዕድል ነበር። ሞተሩ ባሏ ካቆመው ወዲህ ስላልተነሣ ውሃው ወደ ፖምፓው አልተሳበም። ሙሽራው ሰልባትዮውን በንጹሕ ናፍጣ አጥቦ ሞላው፤ ከዚያ የእጅ ፖምፓውን እየጫነ ከመስመሩ አየር አስወጣ። አየር ሲጨመቅ ያንሳል፣ ናፍጣ ግን አያንስም፤ መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ የፖምፓው ግፊት እሱን በመጭመቅ ያልቃል። አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲወርድ የማስወጫውን ቡሎን አጠበቀ፤ የቆራጩን ባትሪ አሰረ፤ የሞተሩ ማሞቂያ መብራት እስኪጠፋ ጠብቆ ቁልፉን አዞረ።

አጓራ። ተንገጫገጨ። ጠፋ። ደግሞ አጓራ፣ የተቃጠለ የአይጥ ፀጉር የሚሸት ጭስ አስታወከና ያዘለት። እየተንተከተከ ቀጠለ።

እህቱ እልል እያለች መጣች፤ እጇ ላይ ጆግ። በቀጥታ ወደ ናፍጣ ክዳኑ ሄደች።

«ለመንገድ ትንሽ ላቅምሳት።»

«እትዬ!» ሙሽራው ጆጉን ቀማት፤ ሊናገር አፉን ከፍቶ ፊቷን አየና ዋጠው። የክዳኑን ቁልፍም ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተ። «አርጅታለች፤ በዚህ በኩል መዋጥ ተስኗታል። ከእንግዲህ ውሃ በፊት በኩል ነው፣ በራዲያተሩ። ያውም ሞተሯ ሲቀዘቅዝ። ናፍጣውን እኔ እሞላልሻለሁ።»

«ምስኪን» አለች መኪናዋን እየዳበሰች። «ሰባት ዓመት ያቆያት የኔ ውሃ ነው፣ አይደል?»

«ነው» አለ ሙሽራው።

እጁን አፈፍ አድርጋ ሳመችው። ያንኑ እጅ፣ መዳፉንም ጀርባውንም፣ ደጋግማ። ከዚያ የሚያንጠባጥበው ወንበር ላይ ጥልቅ ብላ ማርሽ አስገባችና እየተንገጫገጨች ከበሩ ወጣች።

«እትዬ፣ አፍሽን!» እያለ ሮጠ ከኋላዋ፣ ጭሱ ውስጥ እየሳለ። «አፍሽን በሳሙና! እባክሽ!»