እማዬ በሸክላ ሠሪዎቹ ከተማ

ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ካለው ቤታችን በጠዋት ስንነሳ ፈርቼ ነበር። የጉዞው ሐሳብ የእኔ ነው፤ ሸክላ ሥራ ስለምማር የጃፓኗን የሸክላ ከተማ ኢምቤን ማየት እመኝ ነበር። እማዬ "እሄዳለሁ" ስትል ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ እትዬ አልማዝ "እኔስ?" እስኪሉ ነው።

እማዬ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። በአገራችን ሸክላ ሠሪን ቡዳ ነው ስለሚሉ፣ ለንደን ከመጣች ጀምሮ ለማንም ተናግራ አታውቅም። እትዬ አልማዝ የሚያውቁት የገበሬ ልጅ መሆኗን ነው።

ኦካያማ

ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ኦካያማ ገባን። ረቡዕ ስለነበር ምሳ ፍለጋ መከራችንን አየን፤ ሾርባው ሁሉ ዓሣ አለበት። በመጨረሻ ነጭ ሩዝ በፍጅል በላን።

"ኢምቤን ቼክ አድርጌዋለሁ" አሉ እትዬ አልማዝ ስልካቸውን እያዩ። "ከተማው በሙሉ ሸክላ ሠሪ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች እዚህም አሉ ለካ!"

እማዬ ፍጅሏን መብላቷን ቀጠለች። እኔ ሒሳቡን ለመክፈል ተነሳሁ።

ኢምቤ

ትንሹ ባቡር አንድ ሰዓት ሳይሞላ አደረሰን። ከጣሪያዎቹ በላይ የጡብ ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል፤ በየግቢው የጥድ ማገዶ ተከምሯል። አንድ ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ በሱቃቸው ውስጥ በእንግሊዝኛ አስተናገዱን። ቀለም ያልነካው፣ እሳት ብቻ ያቀላው አንድ ኩባያ አምስት ሺህ የን ነው።

"ከቅድመ አያቴ በፊት ጀምሮ ሥራችን ይኸው ነው" አሉ በኩራት።

እማዬ አንድ ማሰሮ አነሳችና በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን አዳመጠች። ሽማግሌው ፈገግ ብለው "ከማን ተማሩ?" ሲሏት ክው አልኩ።

"ከእናቴ" አለች በአማርኛ። "እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች።"

እትዬ አልማዝ አጠገባችን ናቸው። ከድንጋጤዬ የተነሳ "ሱቅዎን ወዳዋለች" ብዬ ተረጎምኩ።

"እንደሱ አላልኩም" አለች እማዬ። "ያልኩትን ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። ሽማግሌው ወገባቸውን አጥፈው እጅ ነሷት። እትዬ አልማዝ በእጃቸው የነበረውን ኩባያ አስቀምጠው ወጡ።

መልስ

በመንገድ ሁሉ እትዬ አልማዝ ከእኛ ራቅ ብለው ነበር የሚቀመጡት። ሂትሮው አውሮፕላን ጣቢያ ስንደርስም ሳይሰናበቱን ታክሲ ያዙ። ቤት እንደገባን "እማዬ፣ የፊታችን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ብንቀርስ?" አልኳት።

"ማን ሞተና?" አለች።

ከለንደን ስነሳ የምፈራው ለእሷ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያፈርኩት እኔ ነኝ። እሁድ ሄድን። እማዬ እንደወትሮዋ ከእትዬ አልማዝ ጎን ቆመች። እትዬ አልማዝ ነጠላቸው እንዳይነካት ወደ ራሳቸው ሰበሰቡት። እማዬ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።